ሰባተኛውን አታጠጡ

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ «ሳር እጠብቃለሁ» እላለሁ፤ ሰው ይስቃል። ከማን ነው የምትጠብቂው፣ ከበግ? ይሉኛል። ከፀሐይ፣ ከኳስ መቺዎች ጫማ፣ ከሥራ አስኪያጁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከራሴ እጅ። የመጨረሻውን ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ወንድሜንም አሳጥቶኛል።

የምሠራው ጎልፍ ሜዳ ነው። አሥራ ስምንት ጉድጓድ አለው፤ በየጉድጓዱ ዙሪያ ያለውን፣ እንደ ምንጣፍ ተስተካክሎ የሚታጨደውን ሳር ግሪን እንለዋለን። ሌላው ሜዳ ቢጫ ቢሆን አባላቱ ትንሽ አጉረምርመው ያልፋሉ። ግሪን ላይ ግን ጥፍር የምታህል ቦታ ብትደርቅ ኳሳቸው መንገድ ይስታል፣ ያን ጊዜ ጉድ ፈላ። አንድ ጸጉሩ የሸበተ የተከበረ ሰውዬ በአንዲት ደረቅ ነጥብ ተናዶ ባርኔጣውን መሬት ላይ ሲፈጠፍጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጁ የጠፋበት ነበር የሚመስለው።

ዘንድሮ በጋው ጨከነ። ሰባ ምናምን ቀን ጠብ አላለም። ኩሬው ወርዶ ወርዶ ፓምፑ ጭቃ መሳብ ሲጀምር የሚረጩትን ቧንቧዎች ሁሉ ዘጋሁና ግሪኖቹን ብቻ በጎማ፣ በእጃችን ማጠጣት ያዝን። እኔ ነኝ አለቃቸው፤ አራት ሠራተኞች አሉኝ። ከአራቱ አንዱ የማጨጃ ማሽን ነጂው ራዲዮ ነው። ይህን ስም ያገኘው ጠዋት ከተከፈተ ማታ እስኪወጣ ስለማይዘጋ ነው። ማን ከሚስቱ ጋር እንደተኳረፈ፣ የትኛው አባል ሰው ሳያየው ኳሱን በእግሩ ገፋ እንዳደረገ፣ ሁሉንም የምንሰማው ከእሱ ነው። አብረን ሃያ ዓመት ሠርተናል፤ ምስጢር አንዲት ቀን እሱ ጋ ስታድር አላየሁም።

ሳር እንደጠማው የምናውቅበት ዘዴ አለን። ግሪኑ ላይ ጥቂት እርምጃ እንሄድና ዞር ብለን የረገጥነውን እናያለን። ውሃ ያገኘ ሳር ወዲያው ቀና ይላል፤ የጠማው ግን እንደተኛ ይቀራል፣ ዱካችን ይታያል። ዱካ ካየን ሮጦ ጎማ ማምጣት ነው። ከጠጣ ይነሳል። ሳይጠጣ ፀሐይ ካገኘው ግን የተረገጠው ቦታ በእግር ቅርጽ ተቃጥሎ ጭድ ይሆናል፤ ዝናብ መጥቶ አዲስ ሳር እስኪሸፍነውም አይጠፋም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ሰባተኛው ግሪን ላይ ዱካ አየሁ። ከእኛ ከአምስታችን የማናችንም አልነበረም።

መጀመሪያ ደሜ ፈላ። ገመድ አጥሬ፣ ወረቀት ለጥፌ፣ አፌ እስኪደርቅ ለፍልፌ ሰው አይረግጥም ያልኩት ግሪን ነው። ሰባተኛውን እኔው ራሴ ሆን ብዬ አስጠማዋለሁ፤ በሦስት ቀን አንዴ ብቻ ነው በደንብ የማጠጣው። ውሃ የሚያገኘውም በዚያው ሐሙስ ነበር። ማነው ይሄ ዓይነ ስውር እያልኩ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቀኝ እግሩ ቀጥ ያለ ነው። ግራው ወደ ውጭ ዞሯል። ጉድጓዱ ላይ እስከተተከለው ባንዲራ ድረስ ተከተልኩት፤ ቀጥ፣ ዞር፣ ቀጥ፣ ዞር። እዚያው ቁጭ አልኩ።

ያንን እግር አውቀዋለሁ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።

እናታችን ስትሞት እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ወንድሜ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በዓመቱ ከግንብ ላይ ወድቆ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ፤ አዝዬ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ «ስድስት ሳምንት እንዳይረግጥበት» አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ልጆች ከበር ውጭ ሲጫወቱ እየሰማ አለቀሰብኝ። አንጀቴን በላኝና ለቀቅኩት። እግሩ ዞሮ ቀረ። እሱ አንድ ቀን እንኳ በዚህ ወቅሶኝ አያውቅም፤ ያደገውም «እትዬ፣ እትዬ» እያለ ከኋላዬ ነው። ሜዳ ላይ ሥራ ስይዝ አብሮኝ መጣ፤ ሲጎረምስ ጎማ ሰጠሁት፤ ቀስ እያለ እኔ የማላየውን ማየት ጀመረ።

የማላየው ይህን ነበር። እኔ ሳር ጠማው ስባል አልችልም፤ ጠዋትም ትንሽ፣ እኩለ ቀንም ትንሽ፣ ማታም ትንሽ አጠጣለሁ። እሱ ደግሞ «እትዬ፣ እያሞላቀቅሽው ነው። ውሃ ላዩ ላይ ካገኘ ሥሩ ምን ብሎ ወደ ታች ይወርዳል? አስጠሚውና ራሱ ይፈልግ» ይለኛል። ሳቅኩበት። አምስት ዓመት ሆነው፤ ያኔም እንደ ዘንድሮ ያለ በጋ ነበር። ሰባተኛውን እኔ ሳላውቅ ከበጋው መጀመሪያ ጀምሮ ያስጠማው ኖሮ፣ አንድ ጠዋት ሦስት ቀን ውሃ ከልክሎት አገኘሁት። ግሪኑ፣ ሊደርቅ ያለ ሳር እንደሚያደርገው፣ ወደ ሰማያዊ እየሄደ፣ ዱካው ሁሉ እንደተኛ ነበር። ሠራተኞቹ በተሰበሰቡበት ጎማውን ከእጁ ነጠቅኩና አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ለቀቅኩበት። መጨረሻ ላይ ያልኩት ይሄን ነው፦ «እኔ ከመንገድ ባላነሳህ እንደ ሜዳ አረም ደርቀህ ትቀር ነበር፤ ዛሬ አፍ አውጥተህ እኔን ልታስተምር!»

ከእጄ ያመለጠው ጎማ መሬት ላይ እየፈሰሰ ነበር፤ ሄዶ ቧንቧውን ዘጋው። ወንድሜ ተናዶም ውሃ አያባክንም። «እሺ እትዬ» አለኝና ሄደ። ማታ ቤት ስገባ ልብሱ የለም።

በዚያ በጋ እኔ ያሞላቀቅኳቸው ግሪኖች ስድስቱ ሞቱ። ሰባተኛው ግን አሥር ቀን በማይሞላ ጊዜ አገገመና በጋውን አለፈ። በቢላ ትንሽ ቆርጬ ሥሩን አየሁ፤ የሌሎቹ ሥር የአውራ ጣት ጫፍ አይሞላም፣ የሰባተኛው ከመዳፌ ይረዝማል። ልክ ነበር። ይህን የምነግረው ሰው ግን አልነበረም። ስልኩን ቀይሯል። ሁለት ሌላ ጎልፍ ሜዳ ሄጄ ጠየቅኩ፤ አናውቀውም አሉኝ። የምንኖረው ከማሽን መጋዘኑ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ነበር። አንድ ጊዜ እልህ ይዞኝ አልጋው ላይ የዘይት ቆርቆሮ ደረደርኩበት፤ በማግሥቱ አነሳሁና አንሶላውን አጠብኩ። እሑድ እሑድ ሥራ ሲቀንስ በር በሩን አያለሁ። ሰው ካልሞተ እንዴት እንዲህ ይናፍቃል እያልኩ ከራሴ ጋር እጣላለሁ።

እንግዲህ ዱካው ፊት የተቀመጥኩት ይህን ሁሉ ይዤ ነው። አነበብኩት። ከዛፎቹ በኩል ገብቷል። እርምጃው አጥሯል፣ ድሮ ይራመድ የነበረው እንደዚህ አይደለም። ባንዲራው ጋ ብዙ ቆሟል፤ ሳሩ እዚያ በጣም ተኝቷል። ቀጥሎ ተንበርክኳል፤ ሁለት የጉልበት ቦታ አለ። ከጉልበቶቹ ፊት ለፊት ክብሪት ሳጥን የምታህል ቁራጭ በቢላ ተቆርጣ፣ ወጥታ፣ ተመልሳ ገብታለች። በመዳፍ ተደቁሳለች። ሥሩን አይቶ ነው የሄደው። የእሱን መንገድ መያዜን አውቋል ማለት ነው። አውቆም ሳያናግረኝ ሄዷል።

በር ላይ ያለው ዘበኛ አዲስ ነው። «ትናንት አሥር ሰዓት ገደማ አንድ ሰውዬ መጥቶ ነበር» አለኝ። «በፊት እዚህ ሠርቻለሁ፣ ላይና ልመለስ አለኝ። ጨዋ ሰው ነው።»

«ስም አልጻፍክም?»

«እንግዳ አይደለሁም ሲለኝ አፈርኩ እትዬ።»

ላንቀው ፈልጌ ነበር። ተውኩት። ትናንት በዚያ ሰዓት እኔ አራተኛው ግሪን ላይ ጎማ ይዤ ቆሜ ነበር፤ በመካከላችን ሁለት መቶ እርምጃ እንኳ አልነበረም።

ራዲዮ ጎማውን እየጎተተ መጣ። «ዛሬ የሰባተኛው ተራ ነው አይደል?»

«አይጠጣም» አልኩ።

«እንዴ! ሦስት ቀን ሆነው እኮ።»

«አይጠጣም አልኩህ። ጆሮህን ማሽኑ በላው?»

ዱካውን አየ። እኔን አየ። ጎማውን ጠቅልሎ ሄደ። ራዲዮ ያለ ክርክር ሲሄድ ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ቀልቤ እኔ ጋ አልነበረም።

የምሠራውን ስህተት አላወቅሁም ብል እዋሻለሁ። አንድ ጊዜ በጎማ ባጠጣው ሳሩ በሰዓቱ ቀና ይል ነበር፣ ግሪኑም ይተርፍ ነበር፣ የወንድሜ እግር ግን ይጠፋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዱካ ሳጠፋ ነው የኖርኩት፤ ይህን ማጥፋት አቃተኝ። ከሰዓት በኋላ ማንም ሳያየኝ ጫማዬን አውልቄ ከዱካው ጎን ለጎን ሄድኩ። ባንዲራው ጋ ስደርስ እሱ በቆመበት ፊት ለፊት ቆምኩ። እብደት ነው፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ዓርብ ፀሐይዋ ገና በጠዋት ትፋጅ ጀመር። ሰባተኛው መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ከዚያ አመድ መሰለ። ዱካዎቹ ከዳራቸው ነጥተው ወደ ጭድነት ሄዱ። ሥሩ የቱንም ያህል ቢረዝም በዚህ ሙቀት አራተኛ ቀኑን አይችልም፤ እስከ ማታ ሙሉው ግሪን ይሞታል። ሥራ አስኪያጁ በትንሿ መኪናው መጣ። ሳር የሚያውቀው በፎቶ ነው፤ ዓርብ ግን እሱም አወቀ።

«እሑድ ውድድር እንዳለ ያውቃሉ?» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ማነው የረገጠው?»

«እኔ እጠየቅበታለሁ።»

«ሠላሳ ዓመት ሠርተዋል ብዬ ነው የምታገሠው። እስከ ማታ አረንጓዴ ካልሆነ ሰኞ ቢሮ እንነጋገራለን።» አቧራውን አልብሶኝ ሄደ።

ራዲዮ ከማሽኑ ወርዶ አጠገቤ ቆመ። ጎማውን ይዟል። «አለቃ፣ በእናትሽ አጠጪው» አለኝ።

«አንተ ምን አገባህ?»

«ለሱ ብለሽ ሳሩን እየገደልሽው ነው፤ እሱ ደግሞ ይሄንን ቢሰማ ይገድለኛል።»

ዘወር ብዬ አየሁት። ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል። «ማን ነው የሚገድልህ?»

ያኔ ተናገረ። ወንድሜ በየዓመቱ ሙቀቱ ሲጀምር ይደውልለታል። አምስት ዓመት ሙሉ! «እትዬ እንዴት ናት፣ ሰባተኛውን ምን እያደረገችው ነው» ብሎ ይጠይቀዋል። እንዳትነግራት ብሎ አስምሎታል። ዘንድሮ ራዲዮ «አንተ እንዳልከው እያስጠማችው ነው» ሲለው አላመነውም፤ በዓይኔ ካላየሁ ብሎ መጣ።

«አምስት ዓመት?» አልኩ። «የሥራ አስኪያጁን ምሳ ሳይቀር የምታወራ ሰውዬ፣ ይሄን አምስት ዓመት ዋጥከው?»

«አስማለኛ! ከዚህ ሌላ ደብቄ የማውቀው ነገር የለም፣ ሆዴን ሲያመኝ ነው የኖርኩት።»

«ታዲያ ከመጣ ለምን ሳያናግረኝ ሄደ?»

ራዲዮ መሬት መሬት አየ። «ሥሩን አይቶ ወደ አንቺ ሊመጣ ነበር። አራተኛው ላይ ጎማ ይዘሽ ከሩቅ አይቶሻል። ‹አርጅታለች› አለኝ ሲደውል። ‹ጎበጥ ብላለች። ልጠራት ስል ድምፄ እምቢ አለኝ› አለ። ከዚያ የአውቶቡሱ ሰዓት ደረሰበት።»

እዚያው ግሪኑ ዳር አለቀስኩ። በንዴትም በናፍቆትም ነው፤ የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም። ከዚያ እጄን ዘረጋሁ፤ ራዲዮ ስልኩን ደውሎ ሰጠኝ።

«ራዲዮ፣ ቶሎ በል ሥራ ላይ ነኝ» አለ። ድምፁ ወፍሯል። ከኋላው ማሽን ይሰማል፤ የሳር ማጨጃ ነው፣ ሳላየው አውቀዋለሁ።

«ራዲዮ አይደለሁም» አልኩ።

ማሽኑ ጠፋ። «እትዬ» አለ።

አምስት ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ከአፌ የወጣው ግን «ረግጠህብኝ ሄድክ» ሆነ።

«ካጠጣሽው ይነሳል እኮ። አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ።»

«አላጠጣሁትም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰኞ።»

«በዚህ ፀሐይ? ምን ነካሽ? ሊሞት እኮ ነው!»

«እግርህ አለበታ! ውሃ ሳፈስበት ሊጠፋብኝ ነው። ምን ላድርግ? ከእግርህ ሌላ ምን ጥለህልኝ ሄድክ?»

አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማሁት። «ጎማው አጠገብሽ ነው?» አለ።

«ራዲዮ ይዞታል።»

«አስከፍቺው።»

«መጀመሪያ እመጣለሁ በለኝ።»

«እትዬ፣ አስከፍቺው! ሳሩ ምን አደረገሽ?»

ተቆጣኝ። አምስት ዓመት ሙሉ የሚቆጣኝ ሰው አልነበረኝም። ራዲዮ ቧንቧውን ከፈተ፤ በአንድ እጄ ስልኩን፣ በሌላው ጎማውን ይዤ ጀመርኩ። «ከዳር ጀምሪ» ይለኛል፤ «አሁን ዝም ብለሽ አታፍስሺ፣ እስኪሰርግ ጠብቂ፣ ከዚያ ድገሚው።» እንደ ጀማሪ ሠራተኛ እሺ እሺ እያልኩ ሠራሁ። ባንዲራው ጋ ስደርስ አልኩት።

«ልክ ነበርክ።»

«ምን አልሽ?»

«ልክ ነበርክ አልኩህ።»

«ውሃው ይጮሃል፣ አይሰማኝም።»

ውሃው እንደማይጮህ ሁለታችንም እናውቃለን። የዚያን ቀን ያዋረድኩት በሰው ፊት ነው። ስድስተኛው ላይ ሦስቱ ሠራተኞች አሉ፣ አንድ አራት አባላትም ኳስ እየመቱ ነው። «ልክ ነበርክ!» ብዬ ጮህኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። «ከመንገድም አላነሳሁህም! እናታችን ናት አደራ ብላ የሰጠችኝ! ሰማህ?»

«ሰማሁ» አለ። ባንዲራውን ዞሬ ሁለተኛውን ዙር ማጠጣት ጀመርኩ።

«መቼ ትመጣለህ?» አልኩት።

እሱም ልክ እንደኔ አሥራ ስምንት ጉድጓድ ላይ አለቃ ሆኗል። ሠራተኞቹ አምስት ናቸው፤ ሁለት ግሪን ሞቶበታል። ረቡዕ የመጣው ሰባት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዞ ነው፤ ሲመለስ ሦስተኛ ግሪን ታምሞ ጠበቀው። «የሰው ሳር ጥዬ እንዴት ልምጣ?» አለኝ። «አንቺ ብትሆኚ ትመጫለሽ?»

«አልመጣም» አልኩ። እውነቴን ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ምክንያት ደረደረብኝ ብዬ እቀየመው ነበር፤ እሱን ግን እንዲህ አድርጌ ያሳደግኩት እኔው ነኝ።

«ሲዘንብልኝ እመጣለሁ» አለ። «በዘነበ ማግሥት።»

ግሪኑ ተረፈ። ዱካዎቹ ግን ረፍዶባቸው ስለነበር አልተነሱም። እሑድ ኳስ ዱካዎቹ ላይ እንዳይሄድ ጉድጓዱንና ባንዲራውን ወደ ዳር አዛወርኩ፤ ውድድሩ ተካሄደ። ሥራ አስኪያጁ ሰኞ ቢሮ ጠርቶኝ ብዙ ተናገረ፣ እኔም ብዙ እሺ አልኩ። አንድ አባል «ይሄ የማን እግር ነው?» ሲለኝ «የወንድሜ ነው፣ ሊጠይቀኝ መጥቶ» አልኩት። ጉድ ነው ብሎ አለፈ።

ከዚያ ስልክ ወዲህ ይኸው ዛሬ ሃያ ሁለተኛ ቀኑ ነው። አልጋውን ወደ መስኮቱ በኩል አዛውሬለታለሁ። ማታ ማታ እንደዋወላለን፤ ስለ ውሃ እናወራለን፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ ፓምፕ። ሌላው ቁጭ ብለን ስንገናኝ ይሁን ብለን ትተነዋል። ዕድሜ ልኬን ዝናብ የምለምነው ለራሴ ሳር ነበር፤ አሁን እዚህ ይዝነብ ማለት ትቻለሁ። እዚያ ይዝነብ፣ እሱ ጋ።

ትናንት ጠዋት ከኮረብታው በላይ ደመና ታየ። ጥቁር ነበር፣ ወፈር ያለ። ራዲዮ ማሽኑን አጥፍቶ እየሮጠ መጣ፤ ሁለታችንም አንጋጠን አየነው። ነፋሱ ወደ ወንድሜ አገር በኩል ይገፋዋል። ጎማውን ጥዬ ደወልኩለት። «ወደ አንተ እየመጣ ነው» አልኩት፤ «ሻንጣህን አዘጋጅ።»

ሳቀ። «እሺ እትዬ» አለ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደወለ።

«እትዬ፣ ደመናው አልደረሰም።»